የሚያረጅ ዲጂታል ፒያኖ፦ በጎጃም ለሚገዛና ለሚያስተምር ሰው የንጽጽር መመሪያ

ዲጂታል ፒያኖ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቁልፎቹ ክብደት፣ ስለ ድምፁ ጥራትና ስለ ዋጋው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ በእኔ እምነት ለረጅም ዓመታት አብሮ ለሚኖር መሣሪያ ይበልጥ የሚያስፈልገውን ጥያቄ ነው፤ መሣሪያው በተገዛ በአምስተኛው ዓመት ዛሬ የሚሰጠውን ድምፅ ያለ ምንም ለውጥ ይደግማል ወይስ እንደ ባለ ክር ፒያኖ ከወቅቱ፣ ከቤቱና ከተጫዋቹ እጅ ጋር እየተለወጠ ይሄዳል? ሁለተኛውን የሚፈልግ ሰው ካሉት አማራጮች የትኛውን ቢይዝ እንደሚያዋጣው፣ በተለይ የደብረ ማርቆስን፣ የባሕር ዳርንና በመካከላቸው ያሉትን ከተሞች አየርና ኑሮ እያሰብሁ አነጻጽራለሁ።

ጥያቄው ለእኛ አገር ጆሮ እንግዳ አይደለም። በክረምት የከበሮው ቆዳ ሲላላ ድምፁ ስለሚደፈን እሳት ዳር ይሞቃል፤ የመሰንቆ ቆዳም ርጥበት ሲገባው ድምፁ ይወርዳል፣ አዝማሪውም ይህን ስለሚያውቅ ሳያሞቅና ሳይቃኝ አይጀምርም። በገና ደርዳሪ ደግሞ በክሮቹ ሥር ትንንሽ የቆዳ ቁራጮችን እያስገባ ክሩ እንዲነዝር ያደርጋል፤ ያ ንዝረት ባይኖር በገናው በገና አይመስልም። እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች መካከል ያደገ ተማሪ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ በሚሰጥ ዲጂታል ፒያኖ ላይ ብቻ ሦስትና አራት ዓመት ሲለማመድ ከቆየ በኋላ ባለ ክር ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ግራ ሲጋባ በዓይኔ አይቻለሁ። እጁ ደህና ነበር፤ የጎደለው ጆሮው ድምፁን እየሰማ እጁን የማረም ልማድ ነበር።

በባለ ክር ፒያኖ ላይ የሚለወጠው ምንድን ነው?

ከማነጻጸር በፊት ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ ዲጂታል ፒያኖን ለማስረጀት የሚደረጉ ብዙ ሙከራዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። በባለ ክር ፒያኖ ላይ በሦስት የተለያዩ ፍጥነቶች የሚሄዱ ሦስት ለውጦች አሉ፣ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባትም ድምፁን ያበላሻል።

የመጀመሪያው በአንዱ ምትና በሚቀጥለው ምት መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ብንመታ የጣታችን ፍጥነት እኩል አይሆንም፤ በሁለተኛው ምት ጊዜ ክሩ ከፊተኛው ምት የተረፈ ንዝረት ይኖረዋል፤ ፔዳሉ ከተረገጠ ደግሞ ሌሎቹ ክሮች አብረው ያስተጋባሉ። የክሩ ቅኝት ግን ከምት ወደ ምት አይዘልም። ስለዚህ በየምቱ ቅኝቱን በዘፈቀደ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቅንብር አሮጌ ፒያኖን ሳይሆን የተበላሸ ካሴትን ይመስላል።

ሁለተኛው በአንዱ ቁልፍና በጎረቤቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሆን፣ መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው መልኩ ነው። አንዱ ድምፅ ትንሽ ይደምቃል፣ ሌላው ቶሎ ይሞታል፣ ሦስተኛው ሲለቀቅ በስሱ ያንኳኳል። ይህ ዛሬም ነገም አንድ ነው፤ ተጫዋቹም ይለምደውና እጁን ሳያስበው በዚያ መጠን ያስተካክላል።

ሦስተኛው፣ በወራትና በዓመታት የሚሄደው ለውጥ፣ ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋል። ባለ ክር ፒያኖ በ88 ቁልፎቹ ሥር 230 አካባቢ የብረት ክሮች አሉት፤ የሁሉም ውጥረት ሲደመር ከ18 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። ውጥረቱን የሚሸከመው የብረት አካሉ ቢሆንም፣ ክሮቹ በእንጨት ድልድይ በኩል ስፕሩስ ከሚባል ለስላሳ እንጨት የተሠራውን የድምፅ ገበታ ይጫናሉ። ገበታው ርጥበት ሲጠጣ ስለሚያብጥ ወደ ክሮቹ ይገፋል፣ ክሮቹም ይበልጥ ስለሚወጠሩ ድምፁ ይወጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ድምፁ ይወርዳል። በጎጃም ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚበረታና ከኅዳር በኋላ አየሩ ስለሚደርቅ፣ እዚህ የተቀመጠ ፒያኖ በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጣና አንድ ጊዜ የሚወርድ ቅኝት ይኖረዋል። መጠኑ እንደ ቤቱ ከጥቂት ሴንት እስከ ሃያ ሴንት አካባቢ ሊደርስ ይችላል (አንድ ሴንት በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው የድምፅ ርቀት አንድ መቶኛ ነው)። ለውጡ በሁሉም ቁልፍ ላይ እኩል አይደለም፤ መካከለኛው ክፍል ብዙ ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ጥጎች የሚንቀሳቀሱት ጥቂት ነው።

ከዚህም በላይ፣ ከመካከለኛው እስከ ቀጭኑ ድምፅ ድረስ አንድ መዶሻ በአንድ ጊዜ የሚመታው ሦስት ክሮችን ነው፤ ወደ ወፍራሙ ሲወረድ ሁለት ይሆናሉ፣ ከታች ጥግ አንድ ብቻ። ፒያኖ ሲሰነብት እነዚህ ሦስት ክሮች እርስ በርሳቸው መራራቅ ይጀምራሉ። በ440 ሄርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ላይ አንድ ሴንት ሩብ ሄርዝ ያህል ስለሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ክር በአራት ሴንት ቢርቅ ድምፁ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የአሮጌ ፒያኖ ድምፅ ተብሎ የሚታወቀው ነገር ከምንም በላይ ይህ መርገብገብ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም በአብዛኛው የሚወሰነው በእሱ ነው።

የመዶሻዎቹ ጉዳይም አለ። የመዶሻው ራስ የሚለበሰው የታመቀ ሱፍ ክሩን በመታ ቁጥር እየተጠቀጠቀ ይጠጥራል፣ የክሩም ቦይ ይወጣበታል፤ ድምፁም እየደመቀና እየሳለ ይሄዳል። አሁን አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ትዝታን ከዶ ተነሥቶ ቢጫወት የሚነካቸው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው፤ ፋና ሲ እንዲሁም ጥቁሮቹ ቁልፎች ያርፋሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ የዚህ ሰው ፒያኖ አምስቱ ድምፆች የደመቁና የቀሩት የለሰለሱ ይሆናል ማለት ነው። መሣሪያው የሚያረጀው በባለቤቱ ቅኝት መልክ ነው፤ እኔ በዲጂታል ፒያኖ ላይ ማግኘት የምመኘውና ከዚህ በታች እያንዳንዱን አማራጭ የምመዝንበት መለኪያም ይኸው ነው።

አማራጮቹ

ባለ ክር ፒያኖ ራሱ። ይህን ሁሉ ያለ ማንም ትእዛዝ የሚያደርገው እሱ ብቻ ስለሆነ በቅድሚያ መመዘን ይገባዋል። ችግሩ ማምጣቱና ማኖሩ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ መሣሪያ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ሲያቋርጥ ከ2500 ሜትር አካባቢ ወደ 1000 ሜትር አካባቢ ወርዶ እንደገና ደጀን ይወጣል፤ በአንድ ጉዞ ብርድም ቃጠሎም ያገኘዋል፣ በመንገዱም ይንገጫገጫል። ከደረሰ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አየሩን ሳይለምድ መቃኘት የለበትም። ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ክረምቱ ካለፈ በኋላና አንዴ በበጋው መካከል፣ የሚቃኘው ሰው ያስፈልጋል፤ ብል ሱፉን እንዳይበላው፣ አይጥም ውስጡ እንዳትዋለድ የሚከታተል ሰው መኖር አለበት። በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ባለ ቤት ደግሞ የክሮቹ ዝገት ይታከላል። ቋሚ ቃኚ ላለው ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ይህን አማራጭ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ቃኚ ለሌለው ቤተሰብ ግን አልመክርም፣ ምክንያቱም ያልተቃኘ ባለ ክር ፒያኖ ተማሪውን የሚያስተምረው የተበላሸ ቅኝትን እንደ ትክክለኛ መቁጠርን ነው።

በተቀዳ ድምፅ የሚሠራ ተራ ዲጂታል ፒያኖ። በሱቅ የሚገኙት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። አምራቹ አንድ በደንብ የተቃኘ ትልቅ ፒያኖ ያቀርብና እያንዳንዱን ድምፅ በተለያየ የምት ጉልበት ይቀዳል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ሲመታ ከእነዚህ ቅጂዎች አንዱ ይሰማል። በዋጋ አነስተኛ በሆኑት ላይ አንድ ቅጂ ለጥቂት ጎረቤት ቁልፎች ስለሚያገለግል በቁልፍና በቁልፍ መካከል ሊኖር የሚገባው የመልክ ልዩነት ይጠፋል። ለጉዳያችን ዋናው ነገር ግን ሦስቱ ክሮች አብረው መቀዳታቸው ነው። አንዴ አብረው ከተቀዱ በኋላ ቅኝቱን ከፍ ወይም ዝቅ ብናደርግ ሦስቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ እንጂ አንዱ ከሌላው አይርቅም። ስለዚህ ይህ ዓይነት መሣሪያ የወቅትን መውጣትና መውረድ በግምት ሊመስል ይችላል፤ የእርጅናን መርገብገብ ግን ሊሰጥ አይችልም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወቅ አለበት፤ ዲጂታል ፒያኖም በራሱ መንገድ ያረጃል። ከቁልፎቹ ሥር ያሉት የላስቲክ መገናኛዎች ሲያልቁ ወይም አቧራ ሲገባባቸው አንዱ ቁልፍ በቀላሉ ሲነካ ይጮኻል፣ ሌላው ከነጭራሹ ዝም ይላል፤ ቁልፎቹ የሚያርፉበት የሱፍ ቁራጭ ሲጠቀጠቅም መንኳኳት ይጀምራሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ደግሞ የውስጥ ሰሌዳውን ሊያቃጥል ስለሚችል ስታቢላይዘር ማስገባትና በበጋ አቧራ ጊዜ መሣሪያውን በጨርቅ መሸፈን የግድ ነው። ይህ እርጅና የመሣሪያውን ድምፅ አይለውጠውም፣ መሣሪያውን ብቻ ይገድላል።

የመቃኛና የማስተካከያ ሜኑ ያላቸው ዲጂታል ፒያኖዎች። በመካከለኛ ዋጋ ከሚገኙት መካከል የካዋይ መሣሪያዎች «ቨርቹዋል ቴክኒሺያን»፣ የሮላንድ መሣሪያዎች «ፒያኖ ዲዛይነር» የሚሉ ቅንብሮች አሏቸው። በእነዚህ የመዶሻውን ልስላሴ፣ የክሮቹን ማስተጋባት፣ ቁልፍ ሲለቀቅ የሚሰማውን ድምፅ መለወጥ ይቻላል፤ እንደ ሞዴሉም እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው መቃኘት፣ በሮላንድ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱን ቁልፍ ጉልበትና መልክ ለብቻው ማስተካከል ይቻላል። ኮምፒዩተር ለማይፈልግ ቤተሰብ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። ለመግዛት ሲሄዱ ሻጩን ሁለት ነገር እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ አንደኛ፣ ቅንብሩ ለሁሉም ቁልፍ በአንድነት ነው ወይስ ለእያንዳንዱ? ሁለተኛ፣ የተስተካከለው ነገር መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራ ይቀመጣል ወይ? ሁለተኛውን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራውን ከሀ ይጀምራል።

በስሌት የሚሠሩ ፒያኖዎች። እነዚህ የተቀዳ ድምፅ አይጠቀሙም፤ መዶሻው ክሩን ሲመታ፣ ክሩ ሲነዝርና ገበታው ሲያስተጋባ የሚሆነውን ተጫዋቹ በመታ ቅጽበት አስልተው ድምፁን ይፈጥራሉ። ሮላንድ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪ-ፒያኖ የመዶሻውን ጥጥርና የሦስቱን ክሮች መራራቅ ጭምር ለተጫዋቹ የሚሰጥ መሣሪያ ነበር። በሶፍትዌር በኩል ደግሞ የፈረንሳዩ ኩባንያ ሞዳርት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒያኖቴክ አለ፤ የስሌቱ መሥራች ፊሊፕ ጊዮም የሒሳብ ሊቅ ከመሆኑ በፊት ፒያኖ ቃኚና አዳሽ የነበረ ሰው ስለሆነ፣ ቅንብሮቹ ቃኚ በሚያስብበት መንገድ የተደረደሩ ናቸው። የሦስቱ ክሮች መራራቅ፣ የመዶሻው ጥጥር በለስላሳ፣ በመካከለኛና በኃይለኛ ምት፣ የክሮቹ ማስተጋባት፣ ከዚያም መሣሪያውን ከደህና ሁኔታ እስከ ፍጹም ላሸቀ ድረስ የሚወስድ አንድ የ«ሁኔታ» ማንሸራተቻ አለው። ፕሮ የተባለው እትም ይህን ሁሉ ቁልፍ በቁልፍ ለማስተካከል ይፈቅዳል። በተቀዳ ድምፅ የሚሠሩ ትልልቅ ሶፍትዌሮች ብዙ አሥር ጊጋባይት ሲይዙ፣ ይህ ጥቂት አሥር ሜጋባይት ብቻ ስለሚይዝ በደካማ ኢንተርኔት ማውረድ አይከብድም፤ ገደብ ያለበት የሙከራ ቅጂም አለው።

የዚህ አማራጭ ዕቃ ሦስት ነው፤ 88 ባለ ክብደት ቁልፎች ያሉት ኪቦርድ ወይም የዩኤስቢ መውጫ ያለው ማንኛውም ዲጂታል ፒያኖ፣ መካከለኛ አቅም ያለው ላፕቶፕ፣ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ወይም ድምፅ ማጉያ። ቁልፍ ከተመታ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ የድምፅ ካርድ መጨመር ያስፈልጋል። በእኛ ከተሞች መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ኪቦርዱም ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኝ ወይም እንደ ካሲዮ ፒኤክስ-ኤስ1000 በስድስት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ልምምዱ አይቋረጥም። ጉድለቱ ለሕፃን ልጅ ብቻውን ከፍቶ ለመለማመድ የማይመች መሆኑ ነው፤ በየጊዜው የሚያበራለትና የሚከፍትለት ሰው ይፈልጋል።

የባለ ክርና የዲጂታል ፒያኖ ድብልቆቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የያማሃ አቫንትግራንድ የእውነተኛ ትልቅ ፒያኖ መዶሻዎችና ቁልፎች እያሉት ክር የለውም፤ ስለዚህ የቁልፉ ስሜት ከዓመታት ጋር ይለወጣል፣ ድምፁ ግን አይለወጥም። ትራንስአኮስቲክ የሚባሉት ደግሞ ሙሉ ባለ ክር ፒያኖዎች ሆነው ዲጂታሉን ድምፅ በራሱ በእንጨት ገበታው በኩል ያሰማሉ። ሁለቱም ውድና ከባድ ናቸው፤ የዓባይን በረሃ ጉዳይም ከላይ እንደተባለው ይመለከታቸዋል።

ምርጫዬና አጠቃቀሙ

ቃኚ ያለው ተቋም ባለ ክር ፒያኖ ይግዛ። ላፕቶፕ የሚያውቅ ወላጅ ወይም አስተማሪ ያለበት ቤት፣ ባለ ክብደት ቁልፍ ያለው ቀላል ኪቦርድና በስሌት የሚሠራ ሶፍትዌር ይያዝ፤ ከዲጂታሎቹ ሁሉ እርጅናን በትክክለኛ መንገዱ የሚያስገባው ይህ ነውና። ኮምፒዩተር የማይፈለግበት ቤት እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው መቃኘት የሚያስችል ሜኑ ያለው ዲጂታል ፒያኖ ይምረጥ።

የ«ሁኔታ» ማንሸራተቻውን በአንድ ቀን ገፍቶ ፒያኖውን ማስረጀት ግን አልመክርም። ማንሸራተቻው የሚሰጠው ያልታወቀ ሰው ያስረጀውን ፒያኖ ነው። እኔ የምሠራበት መንገድ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ንጹሕ ቅኝት ያለውን ቅንብር በስሙና በቀኑ አስቀምጣለሁ፣ እሱን ፈጽሞ አልነካውም። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ መካከለኛውን ክፍል በአንድ ሴንት ያህል ከፍ እያደረግሁ ወደ ሁለቱ ጥጎች እያሳነስሁ እሄዳለሁ፤ ነሐሴ ሲያልቅ ስድስት ሴንት አካባቢ ይደርሳል። ከጥቅምት በኋላ በዚያው ፍጥነት እመልሰዋለሁ፣ በጥር ከንጹሑ ትንሽ ዝቅ ይላል። የሦስቱን ክሮች መራራቅ የምጨምረው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ቃኚ እንደመጣ ቆጥሬ ከመስቀል በኋላና በጥር ወደ ንጹሑ እመልሰዋለሁ።

መዶሻዎቹን በተመለከተ የምጫወተውን በሚዲ ፋይል አስቀምጣለሁ። ፋይሉ እያንዳንዱ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተመታና ከ1 እስከ 127 ባለው መለኪያ በምን ጉልበት እንደተመታ ይዟል። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ቆጥሬ ብዙ የተመቱትን ቁልፎች መዶሻ በጥቂቱ አጠጥራለሁ፤ ያልተነኩትን እንዳሉ እተዋቸዋለሁ። ቁልፍ በቁልፍ የማያስተካክል እትም ያለው ሰው ይህን ማድረግ ስለማይችል፣ የሁሉንም መዶሻ ጥጥር በዓመት አንዴ በጥቂቱ መጨመር ይበቃዋል።

ሁለት ገደቦች ግን አሉ። ጀማሪ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት በንጹሑ ቅንብር ብቻ ይለማመድ፤ ጆሮው የተቃኘውን ሳያውቅ የራቀውን ሊለይ አይችልም። ከሌላ ኪቦርድ ወይም ከተቀዳ ሙዚቃ ጋር አብሮ በሚጫወቱበት ቀንም ወደ ንጹሑ ይመለሱ፤ በነሐሴ በስድስት ሴንት የወጣ ላ በ440 ሄርዝ ከቆመ መሣሪያ ጋር ሲሰማ በሰከንድ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይርገበገባል፣ ዘማሪውም የትኛውን እንደሚከተል አያውቅም። የእያንዳንዱን ወቅት ቅንብር በኢትዮጵያ ወርና ዓመተ ምሕረት ሰይሞ በፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ላፕቶፑ ቢበላሽ ወይም ቢለወጥ ፒያኖው ከነዕድሜው ወደ አዲሱ ይተላለፋል።